ጎሬ ላይ ያቆምኳት መኪና

ሠላሳ አራት ዓመት ስነዳ ዶሮ እንኳን ገጭቼ አላውቅም። ይህን ያልነገርኩት ሰው መቱ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ለቅሶ ቤት ተናግሬዋለሁ፣ ሠርግ ቤት ተናግሬዋለሁ፣ ፀጉሬን እየተስተካከልኩ ተናግሬዋለሁ። የመቱ ጎሬ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ዲበኩሉ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው ይህንኑ ጉራዬን ነበር። አሁን ሌላ ሹፌር ስለ ራሱ እንዲህ ሲል ብሰማ የጀመርኩትን ሻይ ትቼ እነሣለሁ።

ለእኔ መንዳት ማለት ማርሽ ማወቅ ነበር። ግራ እግር ፍሪሲዮን ላይ፣ ቀኝ እጅ ማርሹ ላይ፣ ጆሮ ሞተሩ ላይ። ወደ ጎሬ ሲወጣ መኪናው የት ጋ ሁለተኛ ማርሽ እንደሚጠይቅ፣ የት ጋ ትንሽ ተንፍሶ ሦስተኛ እንደሚቀበል ዓይኔን ጨፍኜ መናገር እችል ነበር። እጅና እግሩ ሥራ የያዘ ሰው አይፈዝም፣ እንቅልፍም አይጥለውም እላለሁ። ስልክም አይነካካም፤ በየትኛው እጁ ሊነካካ? አውቶማቲክ ደግሞ በእኔ ዓይን መኪና ሳይሆን ሶፋ ነበር። ቁጭ ትልበታለህ፣ እሱ ይወስድሃል፣ አንተ ታንቀላፋለህ። «ለሰነፍ የተሠራ ነው፤ ሹፌሩ ቢሞት እንኳን መኪናው መሄዱን አይተውም» እያልኩ አሾፍ ነበር፤ ሰውም ይስቅልኝ ነበር።

የዚህ ሁሉ ሹፈት ማረፊያ ልጄ ሆነች። ኑኃሚን አንድያ ልጄ ናት። እናቷ እታፈራሁ ካረፈች ወዲህ ቤታችን ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ኑኃሚን መቱ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች፤ የክትባቱን ክፍል የያዘችው እሷ ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ እጇን የምታምን ልጅ ነበረች። ዕቃ አይወድቅባትም፣ ቁልፍ አይጠፋባትም፣ የሠራችውን ነገር ተመልሳ አታይም። እናቷ በዚህ ትኮራ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከእኔ የወረሰችው ነው እያልኩ የሌላ ሰው ኩራት እወስድ ነበር።

መንዳት ላስተምራት ሞክሬ አልተሳካልኝም። በራሴ ሚኒባስ ሦስት እሑድ ወሰድኳት። ማርሹ በተንቋቋ ቁጥር የገዛ ጥርሴ የተሰበረ ያህል እጮህ ነበር። በሦስተኛው እሑድ ሞተሩን አጥፍታ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ አንተ የምታስተምረኝ መንዳት ሳይሆን መፍራት ነው ብላኝ በእግሯ ወደ ቤት ሄደች። በኋላ ሌላ ቦታ ተምራ መንጃ ፈቃድ አወጣች። እኔ ሚኒባሴን ሸጬ ቤት በተቀመጥኩ በዓመቱ አንዲት ያገለገለች ነጭ ቪትዝ ገዝታ መጣች። አውቶማቲክ ናት።

ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት እኔ ግራ እግሯን በከዘራዬ እየጠቆምኩ «ይቺ እግር እንግዲህ ጡረታ ወጣች» አልኩ። ሳቀች። እጅና እግሬ ሲያርፉ ዓይኔ መንገዱን ያያል አባዬ አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ታይ ነበር። አንድ ቀን ወደ ኖፓ ስትወስደኝ ከቡና ዛፎች መሃል ጥጃ ዘሎ አስፋልቱ ላይ ወጣ። እኔ ጥጃውን ሳየው እሷ ፍጥነቷን ቀንሳ ጨርሳለች። ከየት አየችው? እኔ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ጆሮዬን አሁንም ሞተሩ ላይ ተክዬ፣ መቼ ነው የምትቀይረው እያልኩ ነበር። መኪናዋ ቀላል ስለሆነች ነው በቶሎ የያዘችልሽ ብዬ አለፍኩት።

ግንቦት 2011 ላይ የጓደኛዬ የኩመራ እናት አረፉና ለቅሶ ልንደርስ ጎሬ ሄድን። ኩመራ ያንኑ መስመር ከእኔ ጋር ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ነው፤ አሁን በሰፈሩ የተከበረ ሽማግሌ ሆኗል። ቤቱ ያለው ከኮረብታው ጫፍ ላይ ነው፤ ከደጁ ጥቂት አለፍ ሲሉ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። ኑኃሚን መኪናዋን ከአጥሩ በር አጠገብ፣ ለጥ ያለው ቦታ ላይ አቆመች። ማርሹን መቆሚያው ላይ፣ ማለትም ፒ የሚለው ፊደል ላይ አደረገች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ሞተሩን አጠፋች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ዝናብ ሊጥል ስለነበር ያመጣነውን ምግብ ታቅፋ ወደ ውስጥ ሮጠች። እኔ የሰባት ሰዓቱን የሬዲዮ ዜና ልጨርስ ብዬ ቀረሁ፤ ስለዚህ ቁልፉ እዚያው እንደተሰካ ቀረ።

ዜናው ሳያልቅ አንድ አይሱዙ ከኋላ መጥቶ ጡሩምባ ነፋ። ቀጥሎ ወዳለው የቡና መጋዘን ሊታጠፍ ፈልጎ የእኛ መኪና አላሳልፍ ብላዋለች። ሹፌሩን አላውቀውም፤ ቡና ሊጭን ከሩቅ የመጣ ነው፣ ጭኖ ሲሄድም መልሼ አላየሁትም። ኑኃሚንን መጥራት እችል ነበር። ግን ሠላሳ አራት ዓመት የነዳሁ ሰው፣ የማውቃቸው ሹፌሮች ሁሉ የተቀመጡበት ለቅሶ ቤት ገብቼ ልጄን «ነይ መኪና አንሽልኝ» ልበላት? አላደረግኩትም። ወደ ሹፌሩ ወንበር ተሻገርኩ።

ሞተሩን አስነሣሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ፣ ማርሹን ዲ ላይ አመጣሁት። ይህን ያህሉን ከጎኗ ተቀምጬ ሳያት ተምሬዋለሁ። ስድስት ሰባት ሜትር ያህል ወደ ፊት ሄድኩና ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ቆምኩ። አይሱዙው አለፈ፤ ሹፌሩ እጁን አነሣልኝ። ከዚያ ዕድሜ ልኬን መኪና እንደማቆመው አድርጌ አቆምኳት።

እኛ እንዴት እንደምናቆም ላስረዳ። የድሮ መኪኖቻችን የእጅ ፍሬን ለስሙ ያህል ነበር ያላቸው። የእኔው ሚኒባስ ገመዱ ከተበጠሰ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ አንድም ቀን ላሠራው አስቤ አላውቅም፣ ያሠራ ሰውም አላውቅም። ዳገት ላይ መኪና የሚቆመው በማርሽ ነው። አንደኛ ትከታለህ፣ ሞተሩን ታጠፋለህ፣ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ጨምድዶ ይይዝልሃል። ለመጠባበቂያ ከጎማው ሥር አንድ ድንጋይ ትወሽቃለህ። በዚህ ዓይነት መቱም ጎሬም ቁልቁለት በተባለ ሁሉ ላይ መኪና አቁመን ምሳችንን በልተናል።

ስለዚህ ዲ ላይ ተውኳት። ለእኔ ዲ ማለት የገባ ማርሽ ነው፤ ያስኬዳት እሱ ከሆነ የሚይዛትም እሱ ነው ብዬ። ሞተሩን አጠፋሁ። ቁልፉን ልነቅል ስል እምቢ አለኝ። ወዘወዝኩት፣ አሁንም እምቢ አለ። አውቶማቲክ መኪና ሞተሩ ከጠፋ ዲ ላይ ሆኖ ምንም እንደማይዝ፣ ቁልፉም ፒ ላይ ካልሆነ እንደማይወጣ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያው ይነቃ ነበር። እኔ ግን «የሰነፍ መኪና፣ ቁልፏም ሰነፍ» ብዬ ትቼው ወረድኩ። ቦታው ገና ብዙ አላዘነበለምና ዝም ብላ ቆመች። አንድ ድንጋይ ፈልጌ ከፊት ጎማዋ ሥር አስገባሁ፣ እጄን በሱሪዬ ጠረግኩና ወደ ለቅሶው ገባሁ።

ዝናቡ መጣ። ግማሽ ሰዓት ያህል በኃይል ጣለ፣ ከዚያም አባራ። የጎሬ ቀይ አፈር ሲርስ እንደሚንሸራተት፣ ከጎማ ሥር ያለ ድንጋይም እንደማይዝ ለእኔ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልግም ነበር።

ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ነገራ የሚባል ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይሠራል። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነው። ብርሃን ከወዲያ በኩል ስለሚገባለት ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ሞተሯ ጠፍቷልና መኪናዋ ድምፅ አልነበራትም። ጩኸት ሰምተን ስንወጣ በረንዳው ውስጥ ገብታ ቆማለች። ነገራ ሞቷል።

ቀድማ የደረሰችው ኑኃሚን ናት። ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ ጣቷን አንገቱ ላይ አደረገች። ነርስ ናት፣ አንድ ጊዜ ነክታ ማወቅ ትችላለች። እሷ ግን ጣቷን ከዚያ አላነሣችም፤ ሰዎች መጥተው እስኪያነሧት ድረስ እዚያው ቆየች።

ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ውስጧን አየ። ማርሹ ዲ ላይ እንደተተወ፣ የእጅ ፍሬኑም እንዳልተያዘ ጻፈ፤ ድንጋዩን የጠየቀም ያየም አልነበረም። ሹፌሩ ማነው ሲል ኑኃሚን እኔ ነኝ አለች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ መጨረሻ የወረድከው አንተ ነህ። ማርሹን ነክተኸዋል?»

«ምንም አልነካሁም» አልኩ።

ይህን ስል አስቤ አልነበረም። አፌ ነው የመለሰው፤ ያ ሁሉ ዓመት ጉራ የነፋው አፌ። ትንሽ ቆይታ፣ ፊቷ ላይ ጭቃ እንዳለ፣ መኪናዋን ያቆምኩት ግን በሩ አጠገብ መስሎኝ ነበር አለችኝ። የለም፣ ከወዲህ አድርገሽ ነው ያቆምሽው አልኳት። የመጀመሪያው ውሸት ከድንጋጤ የመጣ ነው ብሎ የሚያዝንልኝ ሰው ይኖር ይሆናል። ሁለተኛው ግን አስቤበት ነው። አባቷ ስለሆንኩ፣ መንዳት የሚያውቀውም እሱ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ከራሷ ዓይን ይልቅ እኔን አመነች። ከተሰበሰበው ሰው መሃል አንዱ፣ አውቶማቲክ ያው ለሰነፍ የተሠራ ነው ሲል ሰማሁት። ሚኒባሴ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተሳፈረ ሰው ነበር።

ሦስት ቀን አስረዋት በዋስ ለቀቋት። መዝገቡ ቀጠሮ እየተሰጠው ቆየ። ወደ ሥራዋ ስትመለስ ማንም ክፉ አልተናገራትም፤ ከክትባት ክፍሉ አውጡኝ ብላ የለመነችው ራሷ ናት። ካርድ ክፍል ገባች። ምነው ብላት፣ እዚያ ብሳሳት ሰው አይሞትም አለችኝ።

ያቺ የሠራችውን ተመልሳ የማታይ ልጅ ጠዋት ከቤት ወጥታ ገበያው ጋ ስትደርስ ትመለሳለች። ከሰሉ መጥፋቱን ታያለች። ትወጣለች፣ ደግማ ትመለሳለች፣ በሩ መቆለፉን ታያለች። እኔ እኮ ቤት ነኝ፣ አያለሁ እላታለሁ። አውቃለሁ አባዬ ትላለች፣ ግን ታያለች። ሌባ ቤቴ ገብቶ ንብረቴን ሁሉ ቢወስድ እንዲህ አላዝንም ነበር፤ ሌባው ደግሞ እኔው ነኝ።

አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ አልበላም አለች። ማንኪያዋን እንደ ማርሽ ይዛ ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ ትገፋለች። ፍሬን፣ ማርሽ፣ የእጅ ፍሬን፣ ቁልፍ እያለች በዝግታ ቆጠረች። ቀና ብላ አየችኝ።

«እጄ ያስታውሰዋል፣ አባዬ። ፒ ላይ እንዳደረግኩት ያስታውሰዋል። ስለዚህ እጄ ይዋሻል ማለት ነው።»

ውኃ ቀዳሁና ጠጣሁ። ያን ቀን ልነግራት ይገባኝ ነበር። እየነገራችሁኝ ከሆነ አውቃለሁ፤ ራሴም ለራሴ ከእናንተ በላይ ነግሬዋለሁ። ሽማግሌ ነኝ፣ እስር ቤት እንዴት እከርማለሁ እያልኩ ፈራሁ። ከእስሩ የበለጠ ግን ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነበር፤ መቱ መናኸሪያ ውስጥ ሰው ስሜን ሲጠራ ምን ብሎ ያነሣኛል የሚለው። ይህን ለመጻፍ ያፍራል ሰው። እኔ ግን ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁና ልጻፈው።

ጥር ላይ ኩመራ ቤታችን መጣ። በእኛ አገር ሰው በመኪና ሲሞት ፍርድ ቤት የራሱን ሲሠራ ሽማግሌም የራሱን ይሠራል፤ ጉማ ይባላል። የገዳይ ወገን እርጥብ ሣር ይዞ ከሟች ደጅ ይቆማል፣ ጥፋቱን በገዛ አፉ ይናገራል፣ ይቅርታ ይለምናል። የሟች ወገን ሣሩን ከተቀበለ ከዚያ በኋላ በሁለቱ ቤት መሃል ደም የለም። የሚናገረው የቤቱ አባት ነው። ኩመራ ምን እንደምል አስጠናኝ። ልጄ ኑኃሚን በቸልተኝነቷ ልጃችሁን ነገራን ገድላለች፣ ማሩን፤ ሌላ አትጨምር አለኝ። ኑኃሚን ከጓዳ ሆና እየሰማች ነበር። ኩመራ ሲሄድ ወጥታ፣ በደንብ በለው አባዬ፣ ድምፅህን አትቀንስ አለችኝ።

የነገራ እናት እትዬ በየነች ደጃቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ወገኖቻቸው በግራና በቀኝ ቆመዋል። እኔ ሣሩን ይዣለሁ፤ ኑኃሚን ጥቁር ነጠላ ለብሳ ከኋላዬ ቆማለች። ኩመራ በኦሮምኛ መረቀና ነገሩን ከፈተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ተናገር ሊለኝ ሲል እትዬ በየነች እጃቸውን አንሥተው አቆሙት። መጀመሪያ ልጅቷን ላናግራት አሉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወደ ነገራ ቀድመሽ የሮጥሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። እጅሽን ከእሱ አላነሣሽም አሉኝ። እኔ ያን ጊዜ አልነበርኩም። እጅሽ ይባረክ።»

ኑኃሚን ከኋላዬ ወጥታ ፊታቸው ተንበረከከች።

«እማማ፣ እጄን አይመርቁት» አለች። «ልጅዎን የገደለው ይኸው እጄ ነው።»

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። ደፍሬ አይደለም፤ ከዚያ በላይ መሸከም ስላቃተኝ ነው።

«መኪናዋን ያቆምኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ልጄ በሩ አጠገብ በደንብ አቁማት ነበር። እኔ አንቀሳቀስኳት፣ እኔ ዲ ላይ ተውኳት። ስትጠይቀኝም ዋሸኋት።»

 ኩመራ አጠገቤ መጥቶ ሣሩን ከእጄ ወሰደው። ስምንት ወር ሙሉ ደብቀህ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። ሃያ ዓመት የማውቀው ሰው መሬቱን አየና ከእኔ ራቅ ብሎ ቆመ። እትዬ በየነች እኔን አላዩኝም ነበር፤ የሚያዩት የተንበረከከችውን ልጅ ነው። በመጨረሻ ቀና አሉ።

«የእኔ ልጅ ሞቷል። ማል ጎዳ፣ ምን አደርጋለሁ» አሉኝ። «የአንተ ግን በሕይወት ነበረች።»

በዚያ ቀን እርቁ አልሆነም፤ ጥፋተኛው ሲለወጥ ነገሩ ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል ተባለ። ወደ መቱ የተመለስነው በሚኒባስ ነው፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን።  ከጎሬ ስንወጣ ፊቷን ሳታዞር፣ በሩ አጠገብ ነበር ያቆምኳት፣ አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት። ማርሹን ፒ ላይ አድርጌዋለሁ? አዎ፣ አይቻለሁ። የእጅ ፍሬኑንስ? ስበሽዋል።  ጥቂት እንደሄድን እነዚያኑ ሦስቱን ጥያቄዎች በዚያው ቅደም ተከተል ጠየቀችኝ፤ መለስኩላት። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ ተሳፋሪው ዞሮ ያየን ጀመር። ከዚያ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ መቱ እስክንገባ አለቀሰች። እጄን ልዘረጋ አስቤ መልሼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። የእሷ መዝገብ ተዘጋ፣ የእኔ ተከፈተ። እትዬ በየነች ሣሩን የተቀበሉኝ ሚያዝያ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ በዓል ሲመጣ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፣ ቡና ላይ ስለ ነገራ ያወሩኛል። ፍርድ ቤቱ ዕድሜዬንና እርቁን አይቶ ቅጣቱን በገደብ አደረገው፤ መንጃ ፈቃዴንም ወሰደው። ሰው ሁሉ ከጠበቅኩት በላይ ማረኝ። መናኸሪያው እንኳን ሁለት ሳምንት አውርቶ ሌላ ወሬ ያዘ። ለዚህ ነበር ለካ ልጄን የሸጥኩት፤ ለሁለት ሳምንት ወሬ።

ኑኃሚን አልተጣላችኝም። ብትጮህብኝ፣ ሳህን ብትሰብርብኝ ደስ ይለኝ ነበር። መኪናዋን ሸጠችና ወደ ዳሪሙ ወረዳ አዛውሩኝ ብላ አመለከተች፤ ወደ አንዲት የገጠር ጤና ኬላ፣ መኪና በወር አንድ ጊዜ ወደሚታይበት ቦታ። ለምን ብላት፣ እዚያ ሁሉም ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው አለችኝ። እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። የደም ግፊት መድኃኒቴን መዋጤን ትጠይቃለች፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ስለ መኪና አንሥተን አናውቅም።

ባለፈው ኅዳር ሳልነግራት ልጠይቃት ሄድኩ። መኪናው ካወረደኝ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል የሚሆን የእግር መንገድ አለው፤ በበቆሎና በቡና መሃል ነው የሚኬደው። በእግሬ ስሄድ ብዙ ነገር አሰብኩ። ያን ሁሉ ዓመት ንቃት ነው ያልኩት ነገር ንቃት አልነበረም። እግሬና እጄ የለመዱትን መንገድ እያወቁ ይሄዱ ነበር፣ እኔ ከላይ ተቀምጬ ነቅቻለሁ እላለሁ። መኪናው ሲለወጥ እግሬ የሚያውቀው ጠፋ፤ ያኔ ዓይኔን መጠቀም ነበረብኝ፣ ቁልፉ እምቢ ሲለኝ ማየት ነበረብኝ። ዓይን የነበራት እሷ ናት። እውነቱ ከተነገራት ወዲህ ግን አንድ ዓመት ከአሥር ወር ሆኗታል። አሁን ደህና ሆናለች፣ የእሷ እንዳልነበረ አውቃ ወደ ድሮዋ ተመልሳለች እያልኩ ነበር መንገዱን የጨረስኩት። መርፌ መውጋት መጀመሯን ነግራኝ ስለነበር በዚያ ተስፋ አድርጌያለሁ።

የክትባት ቀን ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ከደጅ አንሥቶ እስከ ክፍሉ በር አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። እኔም ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ክፍት ነው፣ ኑኃሚን ጀርባዋን ሰጥታኝ ትሠራለች፤ አላየችኝም። ብልቃጡን አነሣች፣ አነበበችው፣ አስቀመጠችው። እንደገና አንሥታ አነበበችው። መድኃኒቱን በመርፌው ሳበች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ይህን ሁሉ ማንም ጥሩ ነርስ ያደርገዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ ሕፃኑንም እናቱንም እዚያው ትታ ወደ ሌላኛው በር ሄደችና «ሲፋን፣ ነይ እይልኝ» አለች። ከጎን ክፍል አንዲት ወጣት የጤና ሠራተኛ መጣች፣ ብልቃጡን አነበበች፣ መርፌውን አየች፣ ልክ ነው አለቻት። ኑኃሚን፣ እርግጠኛ ነሽ ብላ ጠየቀቻት። እርግጠኛ ነኝ አለች ሲፋን። ያን ጊዜ ነው ወደ ሕፃኑ የተመለሰችው።

አጠገቤ የተቀመጠችውን እናት ሁልጊዜ እንዲህ ነው ብዬ ጠየቅኳት። ሲስተር ጎበዝ ናት፣ ብቻ ለብቻዋ አትወጋም፤ ለምን እንደሆነ አናውቅም አለችኝ። እኔ ከአግዳሚው አልተነሣሁም። ሰልፉ እስኪያልቅ ተቀምጬ ቆጠርኩ። ያን ቀን ሃያ ሦስት ሕፃናት ተከተቡ፤ ሃያ ሦስት ጊዜ ሲፋንን ጠራቻት።